አራት ክፍል ቤት

ሙሐረቅ ደሴት ላይ፣ በጤና ጣቢያው ደጅ፣
ሊጋቡ ይመጣሉ፣ ጎረምሳና ያጎቱ ልጅ፤
ደማቸውን ሰጥተው፣ ክንዳቸው በጥጥ ታስሮ፣
ውጤት ይጠብቃሉ፣ ፊታቸው ተቋጥሮ።
እኔ ወለል ጠራጊ፣ ባልዲ ተሸካሚ፣
በሰማያዊ ጓንት፣ ዝም ብዬ ሰሚ።

ዐቂል ከኸይሪያ ጋር፤ እሷ ቁጭ፣ እሱ ቆሞ፤
አዳራሽ ተከፍሏል ለሻዕባን አስቀድሞ።
ሐኪሟ ተናገረች፦ «ሁለታችሁም ጤነኛ፣
ግን በየደማችሁ አለ አንድ ዝምተኛ።»
ወረቀት ሳበችና አራት ማዕዘን ሣለች፣
ቀጥታና አግድም በመስመር ከፈለች፤
«አንደኛው ክፍል ነጻ፤ ሁለቱ እንደ እናንተው፤
አራተኛው ላይ ነው ማጭዱ የሚታየው፤
ደሙ ማጭድ መስሎ ይጎብጣል፣ ይጣመማል፣
ከጠባብ ሥር ሲደርስ ይቆማል፣ ያምማል።»

«ሦስት ጤነኛ ወልጄ አራተኛው ነው ወይ?»
አለች ኸይሪያ ቀስ ብላ፤ ሐኪሟ፦ «አይደለም፣ አይ፤
ዕጣው በየልጁ ነው፤ በየፅንሱ አዲስ፣
የፊቱን አያስታውስ፣ የኋላውን አይክስ።»
ዐቂል ሰዓቱን ፈታ፤ መልሶ ደግሞ አሰረው፤
እሷ ፕላስተሯን ነቅላ ወንበር ሥር ለጠፈችው፤
ሳይነጋገሩ ወጡ። ሊፍቱ በሩን ዘጋ።
ወረቀቱ ቀረ፣ ከኔ መጥረጊያ ጋ።

አንስቼ ልጥለው ስል እጄ ላይ አረፈ፣
የሐይቅ ትምህርት ቤት ከፊቴ አለፈ፤
ሥዕሉን አውቀዋለሁ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል፣
መምህር እንድሪስ በጠመኔ ሲስል፦
«አንድ መነኩሴ ነበር፣ አተር ያዳቀለ፤
አረንጓዴው ጠፍቶ ሁሉም ቢጫ በቀለ፤
ግን በልጅ ልጅ መጣ፣ የጠፋው ተመልሶ፤
ያልታየ ሁሉ አልሞተም» ይል ነበር ድምፁን ቀንሶ።
ለፈተና ሸመደድኩት፣ መልሼም ረሳሁት፤
አተሩ ስለ ይማም መሆኑን መች አየሁት?

ይማም ወንድሜ ነው፤ ሲወለድ ጥጥ መስሎ፣
ጠጉሩ ገለባ ሆኖ፣ ዓይኑ በብርሃን ቆስሎ፤
አባቴ አየና «የኔ አይደለም» አለ፤
ጋቢውን አንስቶ ወደ መርሳ ኮበለለ።
«ዘር ከልጓም ይስባል! እስቲ ቁጠሩልኝ፣
እስከ ሰባት ቤቴ አንድ ነጭ አምጡልኝ!»
እናቴ ዝም አለች፤ ሰፈሩ ግን አማ፤
አንዱ ፈረንጅ ሲል፣ አንዱ ጂን በጨለማ።
ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ያንን ሐሜት ለብሳ
ገበያ ወጥታለች፣ ራሷን ሳታነሣ።

ሌሊት ነው፤ የባሕሩ ወበቅ መስኮቱን አልብሶ፣
ከድልድዩ ማዶ የማናማ መብራት ፈሶ፣
ባልዲዬን ገልብጬ ቁጭ ብዬ ዘረጋሁት፤
እናቴን በአግድሙ፣ አባቴን በቁሙ ጻፍሁት፤
ሁለቱም ጠይም ናቸው፣ ሁለቱም አንድ ደብቀው፣
አንዱም የሌላውን፣ የራሱንም ሳያውቀው።
ሦስቱ ክፍል ጠይም፤ እኔም ከዚያ ባንዱ ነኝ፤
ምናልባት እኔም ውስጥ ያ ዝምተኛ አለኝ።
አራተኛው ክፍል፣ ጥጉ ላይ፣ ይማም አለ፣
እኩል ከሁለቱ ተበድሮ የበቀለ፤
ካንዷ ብቻ ቢሆን ጠይም በሆነ ነበር፤
ነጭነቱ ራሱ ነው ያባቱ ምስክር።
ሰባት ቤት ቆጠሩ፣ ዘመድ እንዳይጋባ፤
ስምንተኛው ቤት ግን ሳይቆጠር ገባ።

ፎቶ አንስቼ ላክሁት፤ በድምፅ አብራራሁት፤
ይማምን፦ «ለእናቴ አሰማልኝ» አልሁት።
መልሷ ረጅም ድምፅ ነው፣ ዶሮ የሚጮኽበት፣
መጨረሻው ላይ ብቻ ሁለት ቃል ያለበት፦
«አውቅ ነበር።»

ይማም ሌላ ጻፈልኝ፦ «ሉባባ እሺ ብላኛለች፤
ግን ልጅ ቢወለድስ ብላ እናቷ ፈርታለች።»
«ካልያዘች ጠይም ነው፤ ከያዘች ግን እኩሌታ»
ልል ብዬ ተውሁት፤ ትዝ አለኝ የኸይሪያ ዝምታ።

ጠዋት ከመድኃኒት ቤት ሁለት የፀሐይ ቅባት
ገዛሁ፤ የሚሄድ ሰው አለ በረቡዕ ለት።
ደጁ ላይ ሌሎች መጡ፣ ክንዳቸው በጥጥ ታስሮ።
ወንበሩን ስወለውል፣ ከሥሩ፣ ጣቴ ፕላስተሯን ነካ፤
ልነቅለው ነበር።
ተውሁት።